ጉበት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ስታዩ

ማታ ምግቡን ጨርሶ የተኛ ጦጣ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ፣ በመካነ አራዊት ውስጥ ሁሉም ሰው "መርዝ ነው" ይላል። እኔ ግን የሞተበትን ምክንያት ለማወቅ ሬሳውን ልከፍት ቢላ ከማንሳቴ በፊት አፉን፣ አፍንጫውንና ፊንጢጣውን አያለሁ። የማይረጋ ጥቁር ደም ካለ ሬሳው አይከፈትም። አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የደም ስሚር (መስታወት ላይ በስሱ የተቀባ ደም) በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ይህ ስጋት ከሌለ ድርብ ጓንት፣ ማስክና መነጽር አድርጋችሁ ጀምሩ። ፀጉሩን በሳሙና ውሃ አርሱት፣ እንዳይበን። ሬሳው መቆየት ካለበት ፍሪጅ ይግባ፤ በረዶ ከሆነ ግን ህዋሱ ይፈነዳና በማይክሮስኮፕ የሚታየው ይበላሻል።

ሆዱ እንደተከፈተ አንጀቱን እንዳትነኩ። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሆነውን የጉበትና የጣፊያ ናሙና መጀመሪያ በንጹህ ቢላ ውሰዱ። አንጀት ከተቀደደ በኋላ የምትወስዱት ሁሉ በሰገራ ይበከላል።

አሁን ተረጋግታችሁ እዩ። ጉበቱ ላይ ከመርፌ ጫፍ እስከ ምስር ፍሬ የሚያክሉ ነጣ ቢጫ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ? ጣፊያው አብጧል? የአንጀቱ ንፍፊቶች አብጠው፣ ሲቆረጡ እንደ አይብ የፈረፈረ ነገር ይወጣቸዋል? የአንጀቱ ውስጠኛ ግድግዳስ ቆስሏል? ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ቲቢ!" ብሎ ይደመድማል። እኔም ብያለሁ። ግን ሌላ ባክቴሪያም እንዲህ ያደርጋል። ዬርሲኒያ ሱዶቲዩበርክሎሲስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መመሳሰል ነው፤ "ሐሰተኛ ቲቢ" እንደማለት። ልዩነቱ ማይክሮስኮፕ ስር ይወጣል፦ በሞተው ሥጋ መሐል ባክቴሪያው ተከምሮ፣ ዙሪያውን ነጭ የደም ሴሎች ከበውት ታያላችሁ። በቲቢ ማቅለሚያ ደግሞ ቀይ አይሆንም።

ለማይክሮስኮፕ የሚሆነውን ቁራጭ ከነጠብጣቡና ከጤናማው ሥጋ ድንበር ላይ ቁረጡ። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ግማሹ ቢሆን ይመረጣል። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚዘፈዘፍበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ የቁራጩን 10 እጥፍ ይሁን። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሙሉ ጉበት እንዳለ ፎርማሊን ውስጥ ዘፍዝፌ ሄድኩ። ዳር ዳሩ ደርቆ፣ መሐሉ ሸቶ ጠበቀኝ። ለባክቴሪያ የሚሆንም አላስቀረሁም ነበር።

ለላቦራቶሪው የምትጠረጥሩትን ንገሩት። ይህ ባክቴሪያ በ4 ዲግሪም ይራባል። ስለዚህ ናሙናውን ለሳምንታት ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው ሌሎቹ ሲደክሙ እሱን ያወጡታል።

እስከዚያው የቀሩትን ጦጣዎች ተከታተሉ፤ ተቅማጥ ካያችሁ ሕክምና ለመጀመር የላቦራቶሪ ውጤት አትጠብቁ። ባክቴሪያውን አይጥና ወፍ ስለሚያመጡት የምግብ መጋዘኑንም ፈትሹ። አይጡ በየት እንደሚገባ ጠባቂውን ጠይቁ፣ ያውቃል።