ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሕግ ማውጣትና ማስከበር

መስከረም ላይ ባሕር ዳር ዝናቡ ገና ጨርሶ አይወጣም። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር ሰሌዳው አጠገብ የቆመ መምህር ድምፅ ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። ክፍሉን በጩኸት ልያዝ ያለ መምህር በሁለት ሳምንት ጉሮሮው ይዘጋል፤ ተማሪዎቹም ጩኸቱን ይለምዱታል። ስለዚህ ከሕጎቹ ሁሉ በፊት አንድ ምልክት ያስለምዱ። ቀኝ እጅዎን ከፍ አድርገው ዝም ብለው ይቁሙ። ያየ ተማሪ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፤ ያላየውን ደግሞ አጠገቡ ያለው ክንዱን ነካ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ያህል ያለማምዷቸው። ሁሉም ጸጥ ሳይል ግን አንድ ቃል አይናገሩ፤ ግማሹ እያወራ ከጀመሩ ምልክቱ ያኔውኑ ዋጋ ያጣል።

ሕጎቹ አራት፣ ቢበዛ አምስት ይሁኑ። «ሥርዓት ይኑራችሁ» ሕግ አይደለም፤ መቼ እንደተጣሰ አይታወቅምና። ጥሩ ሕግ በዓይን የሚታይ ነው፤ በመስኮት በኩል የሚያዩ ሁለት መምህራን ተጣሰ አልተጣሰም ብለው ሊከራከሩበት አይገባም። «ደወል ሲደወል ቦታችን ላይ እንገኛለን»፣ «ለመናገር እጅ እናወጣለን»፣ «የሰው ዕቃ ሳናስፈቅድ አንነካም»፣ «አንሳደብም፣ አንማታም»። ለብዙው ክፍል እነዚህ ይበቃሉ። ማስከበር የማይችሉትን ሕግ ከጨመሩበት ሌሎቹም አብረው ይረክሳሉ።

ዝርዝሩን ግን ቤትዎ ጨርሰው አይምጡ። በየዴስኩ ላሉት ሦስት ሦስት ተማሪዎች ግማሽ ወረቀት ይስጡና «አምና ትምህርት እንዳትከታተሉ ያደረጋችሁ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ስም አይጻፍበት። ሃያ ያህል ወረቀት ይሰበሰባል። እያነበቡ ተመሳሳዩን ሰሌዳው ላይ ሲያሰባስቡት አብዛኛው ከላይ ካሉት ወደ አንዱ ይገባል፤ ብዕር መጥፋት፣ ስድብ፣ ከኋላ የሚወረወር ጠመኔ። ልዩነቱ አሁን ሕጉ ራሳቸው ላቀረቡት ቅሬታ መልስ መሆኑ ነው። የተስማሙበትን ካርቶን ላይ በማርከር ይጻፉና ከሰሌዳው ጎን ይስቀሉት፤ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ያለው እንዲያነበው ፊደሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ሥራው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ቢፈጅም አይቆጭም።

ብዙው መምህር የሚሳሳተው እርምጃው ላይ ነው። ከባድ ቅጣት ይዝታል፣ ከባድ ስለሆነ ይተወዋል፣ ተማሪውም ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ሁሉ ባዶ ዛቻ አድርጎ ይወስደዋል። ትንሽ ሆኖ የማይቀር እርምጃ፣ ትልቅ ሆኖ ከሚቀር ይሻላል።

መጀመሪያ ማስተማርዎን ሳያቋርጡ ወደ ዴስኩ ጠጋ ይበሉና ጠርዙን በጣትዎ መታ ያድርጉ፤ ስም አይጥሩ። ብዙውን ጊዜ እዚሁ ላይ ያበቃል። ካልቆመ ጎንበስ ብለው ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እጅ ሳታወጣ ነው የተናገርከው» ይበሉት፤ ክፍሉ ፊት ከተናገሩት ጓደኞቹ እያዩት ስለሆነ መልስ መስጠቱ አይቀርም። ሦስተኛው ቦታ መቀየር ነው፤ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ፊት ይቀመጣል። ለዚህ ሲባል የፊት ዴስክ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ባዶ ይተዉ፤ አለበለዚያ ያላጠፋ ልጅ ወደ ኋላ ይሄዳል። አራተኛው እረፍት ላይ 5 ደቂቃ ቆይቶ ሦስት ነገር መጻፍ ነው፦ ምን አደረግሁ፣ ማንን ጎዳሁ፣ ነገ ምን አደርጋለሁ። ወረቀቱ ላይ ቀን ጽፈው ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ድብድብ ግን ደረጃ አይጠብቅም፤ በቀጥታ የተማሪዎችን ሥርዓት ወደሚከታተለው ኃላፊ፣ ወደ ዩኒት ሊደሩ ይሄዳል።

መምታትና ማንበርከክ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ደግሞም የተንበረከከ ልጅ የሚያስበው ስለ ጉልበቱና ስለሚያዩት ጓደኞቹ እንጂ ስለ ጥፋቱ አይደለም። ማርክ መቀነስም አያዋጣም፤ ሒሳብ ከሃያ 14 ያገኘ ልጅ ስላወራ 12 ከተጻፈለት፣ ቁጥሩ ስለ ሒሳብ ችሎታው ምንም አይነግረንም። ክፍል መጥረግም ቅጣት ከሆነ፣ ነገ ተራው ደርሶ መጥረጊያ የሚይዘው ልጅ ያፍርበታል።

«የረባሾች ስም» የሚባለውን ነገር ይተዉት። መምህር ሲዘገይ የክፍል አለቃው ሰሌዳው ጥግ ላይ የረበሹ ተማሪዎችን ስም ይደረድራል፤ ለደገመ ኤክስ ይጨምርበታል፣ የወዳጁን ስም ደግሞ በክንዱ ጠረግ ያደርገዋል። መምህሩ ገብቶ በዚያ ዝርዝር ሲቀጣ ያላየውን ጥፋት ፈረደ፤ አለቃውም ከእረፍት በኋላ ጠላት አተረፈ። አለቃው የሚጽፈው ሥራ ይሁን፦ «ገጽ 23፣ ከ1 እስከ 5»። ያን ሰሌዳው ላይ ያገኘ ክፍል የሚይዘው ነገር አለው።

«ወላጅ አምጣ» የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ባሕር ዳር ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉ፤ ወላጃቸው ከተማ የሚመጣው ቅዳሜ ለገበያ፣ ስንቅም ይዞ ነው። ማክሰኞ «ወላጅህን ሳታመጣ እንዳትገባ» የተባለ ልጅ ቀሪ ቀናቱን ያጣል፣ ወይም የሰፈር ጎረምሳ «ታላቅ ወንድሜ ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል። ልጁ እየተማረ ወላጁን ይጠብቁ፤ ከክፍል ኃላፊው የወላጅ ስልክ ወስደው ራስዎ ይደውሉ። ሲመጡ «እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብለው አስቀምጠው፣ መጀመሪያ ልጁ በደንብ የሚሠራውን አንድ ነገር ይንገሯቸው፤ ከዚያ ቀን የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ያሳዩ። በልጁ እጅ የተጻፈ ነገር እያለ «መምህሩ ጠልቶት ነው» የሚል ወላጅ ጥቂት ነው።

አንድ ሕግ በሳምንት ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ ከተጣሰ፣ ከልጆቹ በፊት ሕጉን ይመርምሩ። የማርፈድ ችግር ብዙ ጊዜ ጠዋት ዓሣ ሲሸጡ ወይም ውኃ ሲቀዱ ከሚቆዩ ሁለት ሦስት ልጆች ይመጣል፤ እነሱን ለብቻ አነጋግረው ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያስፈልጋቸው ይስማሙ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የከሰዓት ፈረቃ ሙቀቱ ቆርቆሮው ሥር ሲከማች፣ ያለ ፈቃድ መነሳት ይበዛል። ያኔ በየክፍለ ጊዜው አጋማሽ 2 ደቂቃ ውኃ የመጠጫ ሰዓት ይስጡ፤ መነሳቱ ወዲያው ይቀንሳል።