ኢሴ ጂንጉን ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃፓን ደርሶ ኢሴን ሳያይ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ሄዶ «ምን የሚታይ ነገር አለውና!» ብሎ የሚመለስም አይጠፋም። ኢሴ ጂንጉ በሚኤ ግዛት፣ ኢሴ ከተማ ውስጥ ያለ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ጥንታዊ እምነት፣ ቤተ መቅደስ ነው። ከሺንቶ ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ክብር የሚሰጠው ለእሱ ነው። መግቢያው በነጻ ነው፤ የሌላ እምነት ሰውም ይገባል። ኪዮቶ ላይ ወርቅና ቀይ ቀለም ለምዶ የመጣ ሰው ግን እዚህ ያልተቀባ እንጨት፣ ጠጠርና ዛፍ ብቻ ሲያይ ግራ ይጋባል። አብዛኞቹ ስህተቶችም ከዚሁ ይጀምራሉ።

ጌኩን ዘሎ ናይኩ መሄድ

ኢሴ አንድ ቤት አይደለም። ትልልቅና ትንንሽ 125 መቅደሶችን ያቀፈ ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ናይኩ፣ ማለትም የውስጠኛው፣ የፀሐይዋ አምላክ የአማተራሱ ነው። ጌኩ፣ የውጭው፣ ደግሞ የምግብና የእርሻ አምላክ የሆነችው የቶዮኡኬ። በመካከላቸው የአውቶቡስ መንገድ አለ። አብዛኛው ቱሪስት ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ ናይኩ ይበራል። በጥንቱ ሥርዓት ግን መጀመሪያ ጌኩ፣ ከዚያ ናይኩ ነው። አንዱን ብቻ ተሳልሞ መመለስ «ካታማይሪ» ይባላል፣ እንደ ጎደሎ ነገር ይቆጠራል።

ጌኩ ደግሞ የሚናቅ ቦታ አይደለም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለአማልክቱ ማዕድ የሚቀርበው እዚያ ነው። ካህናቱ ክብሪት አይጭሩም፤ እሳቱን የሚያወጡት እንጨት ከእንጨት አፋትገው ነው። ሩዝ፣ ዓሣ፣ የባሕር አረም፣ አትክልት፣ ጨው፣ ውሃና ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ይቀርባል። ከኢሴሺ ባቡር ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ሰበብ የለም።

የቆየ ሕንጻ መፈለግ

ይሄኛው ትልቁ ስህተት ነው። «ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ መቅደስ» ሲባል ሰው የጠቆረና የተሰነጠቀ ግድግዳ ይጠብቃል። አሁን ያለው ሕንጻ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ ነው። ቀጣዩ በ2033 ይሠራል። በየ20 ዓመቱ አዲስ ይገነባል፣ አምላኳም ወደ አዲሱ ቤት ትዛወራለች። ይህ ሥርዓት የተጀመረው በ690 በንግሥት ጂቶ ዘመን ነው። በጃፓን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር፤ ሆኖም ተመለሰ። የ2013ቱ 62ኛው ነው።

አሠራሩን ስታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ምሰሶዎቹ የድንጋይ መሠረት የላቸውም፤ በቀጥታ መሬት ውስጥ ነው የሚተከሉት። ጣሪያው ሳር ነው። እንጨቱ ሂኖኪ የሚባል የጽድ ዘመድ ነው፣ ቀለም አይነካውም። እንዲህ ያለ ቤት ዕድሜው አጭር ነው። በየ20 ዓመቱ መሥራት ደግሞ ሽማግሌው አናጺ ሙያውን በሥራ ላይ ለወጣቱ እንዲያስተላልፍ ዕድል ይሰጣል። ቤቱ ብቻ አይደለም የሚታደሰው። ሰይፉ፣ ጨርቁ፣ ጌጡ፣ በጠቅላላው 714 ዓይነት ንዋያተ ቅድሳት እንደ አዲስ ይሠራሉ።

ስለዚህ ናይኩ ስትደርሱ ከመቅደሱ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በጠጠር የተሸፈነ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ብቻ አለች። የቀድሞው መቅደስ የቆመው እዚያ ነበር፤ የሚቀጥለውም እዚያው ይቆማል። እኔን ብትጠይቁኝ ኢሴ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ይህ ባዶ ቦታ ነው፤ ግን ማንም ፎቶ አያነሳውም።

አሮጌው እንጨትም አይጣልም። ናይኩ መግቢያ፣ በኢሱዙ ወንዝ ላይ በተዘረጋው የኡጂ ድልድይ ሁለት ጫፎች ላይ የቆሙት ሁለት ቶሪዎች፣ እነዚያ በር መሰል እንጨቶች፣ የድሮዎቹ የናይኩና የጌኩ ምሰሶዎች ናቸው። እዚያ 20 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደው እንደገና በር ይሆናሉ።

«ውስጡን ካላየሁ» ማለት

አታዩትም። ዋናው መቅደስ በአራት ረድፍ አጥር የተከበበ ነው። ተሳላሚው የሚቆመው ነጭ መጋረጃ የተንጠለጠለበት በር ፊት ነው። ውስጥ እንዳለ የሚነገረውን ቅዱስ መስተዋት ሕዝብ አያየውም። ታቦት በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ሲወጣ እያየ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከአጥሩ በላይ የሚታየውን ጣሪያ ግን አስተውሉ። ጫፍና ጫፉ ላይ ወደ ሰማይ የሚወጡት እንጨቶች ናይኩ ላይ አግድም የተቆረጡ ናቸው፤ ጌኩ ላይ ቀጥ ብለው ወደ ታች። ጣሪያው አናት ላይ የተጋደሙት ግንዶች ደግሞ ናይኩ ላይ 10፣ ጌኩ ላይ 9 ናቸው።

ዋናው መቅደስ ፊት ልመና መደርደር

ጃፓኖች ዋናው መቅደስ ፊት የሚቆሙት ለማመስገን ነው። «ሥራ ስጠኝ፣ ትዳር ስጠኝ» የሚባለው ሌላ ቦታ ነው። ናይኩ ውስጥ አራማቱሪኖሚያ፣ ጌኩ ውስጥ ታካኖሚያ የሚባሉ መቅደሶች አሉ፤ የግል ጉዳይ ያለው ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ጥንት ዋናው መቅደስ ላይ መባ ማቅረብ የሚችለው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር። በሌሎች የሺንቶ ቦታዎች የተለመደው የዕድል ወረቀትም ኢሴ ውስጥ የለም፤ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ መስገድ፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንድ ጊዜ መስገድ ነው። እምነቴ አይፈቅድም የምትሉ ማንም አያስገድዳችሁም። ፈንጠር ብላችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሰልፉን ዘግታችሁ ግን አትቁሙ።

ድንጋይና ዛፍ እየነኩ «ኃይል» መውሰድ

ጌኩ ውስጥ በገመድ የታጠሩ ሦስት ድንጋዮች አሉ። ሰው ተሰብስቦ እንደ እሳት የሚሞቅ ይመስል እጁን ይዘረጋባቸዋል። ቦታው ግን መቅደሱ በየ20 ዓመቱ ሲታደስ የመንጻት ሥርዓት የሚካሄድበት ነው። ዛፎቹም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል፤ ብዙ እጅ ስለነካቸው አንዳንዶቹ ግንዳቸው በቀርከሃ ተጠቅልሏል።

ትንንሾቹ

ጫማ አይወልቅም። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ ግን ጠጠሩ ላይ መከራ ነው። መሐል መንገድ ለአምላክ ስለሚተው ዳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ናይኩ ላይ በቀኝ፣ ጌኩ ላይ በግራ። በናይኩ ዋና መቅደስ ፎቶ የሚነሳው ከደረጃው በታች ሆኖ ነው። ውሻ አይገባም። የሚገርመው በኤዶ ዘመን (1603–1868) መሄድ ያልቻሉ ሰዎች ውሻቸውን በእነሱ ፈንታ እንዲሳለም ወደ ኢሴ ይልኩት ነበር።

የጄአር፣ ማለትም የጃፓን ምድር ባቡር፣ ፓስ የያዛችሁ፣ ከናጎያ ሲመጣ በመሐል ያለው የኢሴ ባቡር ኩባንያ መስመር በፓሱ አይሸፈንም፤ ትከፍላላችሁ። ኪንቴትሱ የሚባለው የግል ባቡር ኩባንያም እንደዚያው የራሱ ቲኬት አለው።

ረፋድ ላይ አትድረሱ። በሩ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ የሚዘጋው እንደ ወሩ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ። በማለዳ ቁርስ የት ይገኛል ካላችሁ፣ ናይኩ ፊት ለፊት ባለው ኦሃራይማቺ ጎዳና ከ1707 ጀምሮ ባቄላ የተቀባ የሩዝ ጣፋጭ የሚሸጠው አካፉኩ ዋናው ሱቅ በዚያው ሰዓት ይከፈታል።