ልጁ ድንገት ሲቃዥ፣ መጀመሪያ የጨበጠውን እጅ ፈልቅቁ

ከነርስነት ጡረታ ብወጣም እዚህ ጅማ ሂርማታ በሌሊት በሬ መንኳኳቱ አልቀረም። ባለፈው ጥቅምት የመጡት የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አያት ነበሩ። ልጁ የሌለች ፍየል ይጣራል፤ ከጋቢው ላይ የማይታይ ክር ይለቅማል።

«ሲስተር፣ ተለክፎብኛል፤ ጸበል ልውሰደው» አሉኝ።

«እማማ፣ ጸበሉ ይደርሳል፤ እስቲ መጀመሪያ እጁን እንየው።»

ጭብጡን ስንፈለቅቅ ጥቋቁር ጠፍጣፋ ዘሮች ወጡ። አስተናግር የሚባለው መርዛማ ተክል ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን አሳንጊራ ይሉታል። ነጭ አበባው እንደ መለከት የረዘመ፣ ፍሬው እሾሃም ነው። ልጆቹ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ በጣሳ «ወጥ ሠርተውበታል»።

ጤነኛ የነበረ ልጅ ድንገት ሲቀባዥር ብብቱን ዳብሱ፤ አስተናግር ከበላ ሰውነቱ እየጋለ ላብ የለውም። አፉ ደርቋል፤ ልቡ ይሮጣል፤ ሽንት እምቢ ይለዋል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ በባትሪ ብርሃን እንኳ አይጠብም። ይህን የሚያደርጉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉት የተክሉ መርዞች ናቸው። ወባም እንደሚያቃዥ የጅማ ሰው ያውቃል፤ ታዲያ ቤት ተቀምጣችሁ ይህ ነው ያ ነው አትከራከሩ፤ ሁለቱም የሆስፒታል ናቸው።

በአፉ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። አታስመልሱት። ወተት፣ ቡና፣ ዘይት የሚባል ነገር አትስጡት፤ የተቀባዠረ ልጅ ትን ይለዋል። አስራችሁ አትያዙት፣ አትጩኹበት፤ የሚያውቀው ሰው ይቀፈው። ከደነዘዘ ወይም ከተንፈራገጠ በጎኑ አስተኙት። ዘሩን ወይም ቅጠሉን በፌስታል ቋጥራችሁ፣ የበላበትን ሰዓት ይዛችሁ፣ በተገኘው ባጃጅ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ይነጋልን አትጠብቁ፤ መርዙ አንጀትን ስለሚያዘገይ ቅዠቱ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል።

ደግሞ አብረውት የተጫወቱትን ሁሉ ቁጠሩ። እኔ ይህን ልረሳ ነበር። የአክስቱ ልጅ ጥግ ይዛ ዝም ብላለች፤ ባትሪ ሳበራባት ብሌኗ ሰፍቷል። ሁለቱንም ይዘን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ አእምሯቸው ተረጋግቶ ነበር፤ ፀሐይ ግን ገና ዓይናቸውን ይወጋቸው ነበር።

ተክሉ የበቀለው በእኔው አጥር ሥር ነው። ለስንት ዓመት እያየሁት አልፌዋለሁ! በማግስቱ በጓንት ነቀልኩት። እናንተም ፍሬው ሳይፈነዳ ንቀሉ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ጭሱም መርዝ ነውና አታቃጥሉት፣ ቅበሩት።