ስሙ ብርቅ፣ ሆዱ የታወቀ፦ ጎጃም ላይ የድሮ የእንግሊዝ አውቶሞቢል አመራረጥ

ብርቅ መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ቀርቷል?» ብሎ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆኖ ለሚነዳው ግን «ሞተሩ ሌላ ምን ላይ ተገጥሟል?» ማለት ይሻላል። ስሙ ብርቅ ቢሆንም ሆዱ የታወቀ መኪና መንገድ ላይ ይውላል፤ ሆዱም ብርቅ ከሆነ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል።

በመጀመሪያ ፍለጋው አገር ውስጥ ይሁን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀም የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ሊብሬ ያለውን ብቻ ይመልከቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ቀብድ አይክፈሉ።

የኛ አንደኛ ምርጫ ዎልስሊ 16/60 ነው (የምርት ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህኛው ከ1961 እስከ 1971 ተሠርቷል)። ኦስቲን ኬምብሪጅ ኤ60፣ ሞሪስ ኦክስፎርድ 6፣ ራይሊ 4/72 እና ኤምጂ ማግኔት 4 ወንድሞቹ ናቸው፤ ሁሉም ቢኤምሲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው 1622 ሲሲ ቢ-ሲሪስ ሞተር አላቸው። ይኸው የሞተር ዘር በኤምጂቢ ላይ 1798 ሲሲ፣ በህንዱ አምባሳደር ላይ 1489 ሲሲ ሆኖ ለዓመታት ስለተሠራ ዕቃው ዛሬም አለ። ራይሊውና ኤምጂው ሁለት ካርቡሬተር ስላላቸው እኩል ማስተካከሉ ሥራ ይበዛበታል፤ ዎልስሊው አንድ ብቻ ነው።

ስድስት ሲሊንደር ከወደዱ ትራያምፍ 2000 (1963–1977) ጥሩ ነው። አንድ ሰው ፍሪሲዮን እየረገጠ እየለቀቀ፣ እርስዎ ከፊት የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፑሊ ይመልከቱ። በዓይን የሚታይ የወደፊት ወደኋላ እንቅስቃሴ ካለ የኮሎውን የፊትና የኋላ ግፊት የሚይዙት ሮንዴላዎች አልቀዋል፤ ከወደቁ ኮሎውም ብሎኩም ይበላል። 2.5 ፒአይ የሚባለውን የነዳጅ መርጫ ያለውን ግን ይለፉት፤ ፓምፑ ሲሞቅ ነዳጁ አረፋ ይሆናል።

ሮቨር ፒ6 ደግሞ ያታልላል። የውጭ ላሜራው በብሎን የታሰረ ስለሆነ፣ የሚያብረቀርቅ በር የበሰበሰ አጽም ይሸፍናል። የኋላውን መቀመጫ አውጥተው ውስጡን ይዩ። የኋላ ዲስክ ፍሬኑም ከዲፈረንሻሉ ጎን ስለተቀመጠ የፍሬን ሸራ መቀየር ብቻውን ረጅም ሥራ ነው።

እውነተኛው ፈተና ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ይያዙ፤ ፍሬኑን እየረገጡ ከወረዱ የከበሮው ፍሬን ይግላል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሽቅቡ ላይ የሙቀት ጌጁን አይልቀቁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር በላይ ስለሆነች ተራ ውኃ እዚያ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ደህና ሞተር የታመመ ይመስላል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከመጠርጠሩ በፊት የራዲያተሩ ክዳኑ ይቀየር።

ከፍታው ካርቡሬተሩንም ያዛባል። አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ኤስዩ በሚባለው የእንግሊዝ ካርቡሬተር ላይ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የካርቡሬተሩን ፒስተን በማንሻዋ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሱ። ድምፁ ጨምሮ ከቆየ ነዳጁ በዝቷል፤ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ትንሽ ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ሲበዛ ከሥር ያለውን ዳዶ ወደ ላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ (የዙሩን ስድስተኛ) ያዙሩ። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን የአየር ግፊት) ሲለኩም መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አያወዳድሩ፤ እዚህ ሁሉም ዝቅ ይላል። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ምክንያቱን ይፈልጉ።

በቢኤምሲዎቹ አንደኛ ማርሽ መኪናው እየሄደ ሲገባ ቢጮህ ተፈጥሮው ነው። ሁለተኛው ከጮኸ ግን ካምቢዮው አልቋል።

ዝገቱን በጨርቅ በተጠቀለለ ማግኔት ይፈትሹ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው። ከበሮች ሥር ያለውን ጠርዝ፣ ክሪክ የሚገባበትን፣ ከሁሉ በላይ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን ይዩ። የክረምት ጭቃ እዚያ ገብቶ ስለሚደርቅ መጀመሪያ በውኃ ይታጠብ።

ባትሪው ላይ ፖዘቲቩ ከቦዲ ጋር ታስሮ ካዩ አይደንግጡ፤ የዘመኑ አሠራር ነው። ሬዲዮ ወይም ስልክ ቻርጀር እንደ ዛሬው መኪና ካሰሩ ግን ይቃጠላል። ቁልፍ በኢንች ይግዙ፦ 7/16፣ 1/2 እና 9/16 አብዛኛውን ይፈታሉ፤ 13 ቁጥር ግማሽ ኢንቹን ብሎን እየሸራረፈ ያበላሸዋል።

ዋጋ ሲከራከሩ ከሞተሩ ይልቅ የጎደለ ኒኬል (የሚያብረቀርቅ የብረት ጌጥ) ላይ ይጠንክሩ። ፒስተን፣ ጓርኒሲዮንና የፍሬን ጎሚኒ በሻንጣ ይመጣሉ። የዎልስሊው ግንባር ፍርግርግና ማታ የሚበራው ምልክቱ ግን ከሌለ፣ ምትኩን ለማግኘት ሌላ ዎልስሊ መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል።