ኮሮና ሲባል የትኛው ኮሮና? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ዛሬም ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ "ኮሮና ይሆን እንዴ?" ነው። መጠየቁ ጥሩ ነው፣ ግን ጥያቄው ግማሽ ነው። ሰው ላይ በሰፊው የሚታወቁት ኮሮና ቫይረሶች ሰባት ናቸው። አራቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን አምጥተው ይሄዳሉ። ሦስቱ ግን፣ ሳርስ፣ መርስና ኮቪድ-19 የሚያመጡት፣ ብዙ ሰው ገድለዋል። በሳሉ ድምፅ መለየት አይቻልም፣ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። እኛ የምንችለው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ ታማሚው ሰሞኑን ከየት መጣ? ከማን ጋር ወይም ከምን እንስሳ ጋር ነበር? ትንፋሹስ እንዴት ነው?

ጉንፋን የሚያመጡት አራቱ

229ኢ፣ ኦሲ43፣ ኤንኤል63 እና ኤችኬዩ1 ይባላሉ። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃሉ፣ ሌሎቹ በ2004 እና በ2005 ተለዩ። ሁላችንንም ማለት ይቻላል በልጅነታችን ይዘውናል። ሰውነታችን የሚያበጀው መከላከያ ብዙ ስለማይቆይ ደግመው ይይዙናል። ንፍጥ፣ የጉሮሮ መከርከር፣ ራስ ምታት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ነው ምልክታቸው።

ዕረፍት ያስፈልጋል፣ ትኩስ ነገር መጠጣት ያስፈልጋል፣ ትኩሳቱ ካስቸገረ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዝንጅብል በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ጠጡ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አትስጡ። እባካችሁ ደግሞ በራሳችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ አሞክሲሲሊን አትግዙ፣ ያ መድኃኒት ለባክቴሪያ ነው፣ ኮሮና ቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም። እናቶቻችን "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ማሸታቸውን እኔ አልቃወምም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ዳማከሴ ታሽቶለት እስኪነጋ አይጠበቅ።

ትንንሽ ልጆች ላይ ኤንኤል63 የጉሮሮን መተንፈሻ ሊያሳብጥ ይችላል። ሳሉ የውሻ ጩኸት ይመስላል። ልጁ አየር ሲስብ ሲር የሚል ድምፅ ካወጣ፣ ወይም የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሳርስ

እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደቡብ ቻይና ተነስቶ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ያዘ፣ 774ቱን ገደለ። ከ2004 ወዲህ ሰው ላይ አልታየም። ዛሬ ደሴ ላይ ስለሱ መጨነቅ አያስፈልግም።

መርስ፣ እኛ አካባቢ የተረሳው

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ከወሎ ስንት ልጅ ነው ሳዑዲ ሠርቶ የሚመለሰው? ስንት አባትና እናትስ ሐጅ ሄደው ይመጣሉ? መርስ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ነው። ከተመዘገቡት ታማሚዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞተዋል። ወደ ሰው የሚመጣው ከግመል ነው። ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ ጥንቃቄ ካልተደረገ በፍጥነት ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ መንገደኛ ደቡብ ኮሪያ ገባና፣ ከሱ የተነሳው ወረርሽኝ እዚያው አገር ውስጥ ከ180 በላይ ሰዎችን ያዘ፣ አብዛኞቹም የተያዙት ሆስፒታል ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከያዘው፣ ዘመድ ሁሉ "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ እየሳመ ከመሰብሰቡ በፊት ለብቻው ክፍል ይስጡት፣ ማስክ ያድርግ፣ ወደ ሐኪም ይሂድ። ቅር አይበላችሁ። ለሱም ለእናንተም ነው።

ግመሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወረድ ብላችሁ ባቲ የሰኞ ገበያ ብትሄዱ ግመል ሞልቷል። የኢትዮጵያ ግመሎች በቫይረሱ እንደሚያዙ በምርመራ ታይቷል። ይሄ ማለት ግመል አይሸጥ አይገዛ ማለት አይደለም፣ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ግመል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ንፍጥ የሚወርደውን ግመል አትጠጉ፣ ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ፣ ሥጋውን በደንብ አብስሉ። ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግመል ተራው ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ጥሬ የግመል ወተት መድኃኒት ነው የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ግን በተለይ ለእነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው።

ኮቪድ-19

ይሄኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው መያዙ የተነገረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 የአስቸኳይ ጊዜውን አንስቷል፣ ቫይረሱ ግን አልጠፋም። ለብዙ ወጣት ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። ለአዛውንት፣ ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ዛሬም ከባድ ነው። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ አያቶች ቤት ቡና ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ። ግድ ከሆነ ማስክ አድርጉ፣ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

ስለ መስኮትም ልናገር። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሐረጎን ስትወርዱ "ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል" የሚል አይጠፋም። ደሴ ብርድ ነው፣ ይገባኛል። ግን እነዚህ ቫይረሶች የሚተላለፉት ከሰው ትንፋሽ ነው፣ በተዘጋ ቦታ ደግሞ አየሩ ውስጥ ይከማቻሉ። ጋቢያችሁን ደርቡና መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጉት። ለቅሶ ቤትም፣ ዱዓ ላይም፣ ሰው የሚበዛበት ክፍል ሁሉ እንዲሁ።

መቼ ነው የማይጠበቀው?

ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተጨነቀ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሰውየው ከተምታታበት ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ወዲያው ሂዱ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይም ቁጥሩ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ ግን አትጠብቁ።

ስትደርሱ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ላይ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። "ከሳዑዲ ከመጣ ሳምንቱ ነው"፣ "ግመል ነጋዴ ነው"፣ "ቤት ውስጥ ሌላም የሚያስል አለ" በሉ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሐኪሙ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ ላያገኝ ይችላል፣ ታማሚው ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከሌሎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።