ላክሮስ ለሚጫወት ታዳጊ፦ ከውድድር ውጪ ባሉት ወራት ሌላ ስፖርት መያዝ

ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ (ስቲክ) ኳስ እየተቀበሉና እየወረወሩ ጎል የሚያስቆጥሩበት ስፖርት ነው። ከውድድር ውጪ ባሉት ወራት ሌላ ስፖርት ሲያዝ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምርጫው ሳይሆን ድምሩ ነው። ቅርጫት ኳሱ ይጨመራል፣ ላክሮሱ ግን አይቀነስም። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ቡድን ጋር ቅርጫት ኳስ፣ ቅዳሜና እሁድ የክለብ ላክሮስ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ውርወራ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበት ወይም ትከሻ ማጉረምረም ይጀምራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሳምንቱን ሰዓት ደምሩ። ብዙዎች የሚሠሩበት ቀላል መለኪያ አለ፦ በአሰልጣኝ የሚመራው ልምምድና ጨዋታ በሳምንት ከዕድሜ ቁጥር አይበልጥም። የ13 ዓመት ልጅ ሁሉም ስፖርት ተደምሮ ከ13 ሰዓት አይለፍ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን ሙሉ እረፍት፣ ከዋናው ስፖርት ደግሞ በዓመት በድምሩ 3 ወር መራቅን ይመክራል፤ ሦስቱ ወር አንድ አንድ ወር ተከፋፍሎ ሊወሰድ ይችላል። በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰንም እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢቆይ ይሻላል ይላል። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ የሚረዝምበት ጫፍ ገና አልጠነከረም፤ ያው ውርወራ ዓመቱን ሙሉ ሲደጋገም ጫናው እዚያ ላይ ይከማቻል።

ስፖርቱን ባለፈው ወቅት ከጎደላችሁ ነገር ተነስታችሁ ምረጡ። ጎበዝ በሆናችሁበት ላይ ሌላ ጉብዝና መደረብ ደስ ይላል እንጂ ብዙ አይጨምርም።

አንድ ለአንድ ስትከላከሉ የምትታለፉ ከሆነ፣ ወይም ኳስ ሳትይዙ የት እንደምትቆሙ የሚጠፋባችሁ ከሆነ፣ ቅርጫት ኳስ ያዙ። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ራሱ ላክሮስ ተጫውቷል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው በዚህ አይገረምም። ቆሞ የጓደኛን ተከላካይ መከለል፣ ጓደኛ ሲታለፍ ደርሶ መሸፈን፣ ኳሱንም የምትይዙትንም ሰው አንድ ላይ ማየት፣ ይህ ሁሉ እንዳለ ይሻገራል። የማይሻገረው የእግር አጣጣል ነው። ቅርጫት ኳስ ላይ ተከላካዩ ደረቱን ለአጥቂው ሰጥቶ፣ ሁለት እግሩን ትይዩ አድርጎ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ያዋጣል። ላክሮስ ላይ አጥቂው ከሩቅ ተንደርድሮ ነው የሚመጣው፤ እግሩን ትይዩ አድርጎ የጠበቀው በአንድ እርምጃ ይታለፋል። እዚህ አንዱን እግር ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዳሌን አዙሮ፣ ከአጥቂው ጋር ሁለት ሦስት እርምጃ መሮጥ ያስፈልጋል። ከቅርጫት ኳስ የምትመለሱ ተከላካዮች የመጀመሪያውን ሳምንት ለዚህ ብቻ ብታውሉት አይበዛም።

ጨዋታው ሲገባደድ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው አማካዮች እግር ኳስ ይበጃል። የላክሮስ ሜዳ ወደ 100 ሜትር በ55 ስለሆነ የሚሮጠው ርቀት አዲስ አይሆንባችሁም። ግን መሀል ላይ ተጫወቱ፤ በረኛ ሆኖ ትንፋሽ አይገነባም።

መሬት ላይ ያለ ኳስ ሌላው የሚቀማችሁ ከሆነ ትግል (ሬስሊንግ) የሚያህል የለም። ኳሱን የሚወስደው ዳሌውን ዝቅ አድርጎ የገባው ነው፤ ከወገቡ ብቻ የጎነበሰ በቀላል ግፊያ ይወድቃል። ትግል ይህን በየቀኑ ያስተምራል። አንድ አደጋ አለው፦ ለክብደት ምድብ ተብሎ ምግብና ውሃ መቀነስ። እያደገ ያለ ልጅ ይህን አያድርግ፤ ከፍ ባለው ምድብ ይወዳደር።

የበረዶ ሆኪ በጠባብ ቦታ ቶሎ መወሰንን ያስለምዳል። ካናዳ ውስጥ ቦክስ ላክሮስ (ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ላክሮስ) በረዶው በተነሳለት የሆኪ ሜዳ ላይ ስለሚካሄድ ሁለቱን አብሮ መጫወት የቆየ ልማድ ነው። ጉድለቱ፣ የሆኪ ተጫዋች ዱላውን ሁልጊዜ በአንድ ጎን ይይዛል፤ ላክሮስ ደግሞ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። ሆኪ የያዘ ሰው ከግድግዳ ልምምዱ ግማሽ በላይ በደካማው እጁ ይሥራ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ እጅን ከትከሻ በላይ ከሚያወናጭፉ ስፖርቶች ነው፦ ቤዝቦል፣ ጦር ውርወራ፣ መረብ ኳስ፣ ቴኒስ። ከእነዚህ አንዱን ከያዛችሁ የላክሮስ ምት (ወደ ጎል የሚደረገው ኃይለኛ ውርወራ) ይቁም። ዋናም ያሳስታል። ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ያሳርፋል፣ ትከሻን ግን በአንድ ልምምድ በመቶዎች ጊዜ ያዞራል። ትከሻው ለታመመ ልጅ “እስኪሻልህ ዋና ዋኝ” ማለት ምክር አይደለም።

ስቲኩን በተመለከተ፣ ወቅቱ እንዳለቀ አንድ ወር ሙሉ አትንኩት። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ ከግድግዳ ጋር መቀባበል ይበቃል። ከግድግዳው 4 ሜትር ያህል ቁሙ፣ ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። 30 በቀኝ፣ 30 በግራ፣ ከዚያ በቀኝ ተቀብላችሁ በግራ፣ በግራ ተቀብላችሁ በቀኝ 20 ወርውሩ። ኳሱ ሁልጊዜ ከምልክቱ በታች የሚያርፍ ከሆነ ቶሎ እጃችሁን አትውቀሱ፤ ኪሱን፣ መረቡ ጎድጎድ ብሎ ኳሱን የሚይዝበትን ቦታ፣ እዩ። መረቡ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ኪሱ ይጠልቃል፣ ኳሱ ዘግይቶ ይለቃል፣ ስለዚህ ወደ መሬት ይወርዳል። በመረቡ ላይኛው ክፍል በአግድም የተሳቡትን የመወርወሪያ ክሮች ትንሽ አላሉና ሞክሩ። በተቃራኒው ኳሱ ከምልክቱ በላይ ከሄደ ቶሎ እየለቀቀ ነው፤ ኪሱ ጥልቀት አንሶታል ወይም የላይኛው እጅ ወደ ዒላማው እስከ መጨረሻ አልተከተለም።

ሁለት አሰልጣኞች ካሉ ሁለቱም ሙሉውን ፕሮግራም ይወቁ። ቀን ሲጋጭ ወቅቱ የሆነው ስፖርት ይቀድማል። ይህን አስቀድሞ መነጋገር በኋላ ከሚመጣ ኩርፊያ ያድናል።

ወደ ላክሮስ መመለሻው ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ቅብብልና ሩጫ ብቻ። በሁለተኛው በግማሽ ኃይል እስከ 30 ምት፣ በየሁለት ቀኑ። በሦስተኛው ኃይሉን ጨምሩ፣ የምቱን ብዛት ግን አትጨምሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሳደግ ነው ትከሻን የሚያሳምመው። ሕመሙ በማግስቱ ጠዋት ካልለቀቀ ወደ ቀደመው ሳምንት ተመለሱ፤ ከጡንቻው ይልቅ መገጣጠሚያው ላይ የሚወጋ ከሆነ ሐኪም ይየው። በዚያው ሳምንት ኪሱንም ፈትሹ፦ በወንዶች የሜዳ ላክሮስ ሕግ፣ ስቲኩን በዓይናችሁ ትክክል አግድም ስትይዙት የኳሱ አናት መረቡ ከሚታሰርበት ክፈፍ ጎን የታችኛው ጠርዝ በታች ወርዶ በመካከላቸው ብርሃን ከታየ፣ ስቲኩ ሜዳ አይገባም።