ስቲከሩ ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? የድሮ ስፖርት መኪና ላይ ምልክቶቹን ማንበብ

አንድ ነገር ቀድሜ ልለምናችሁ፤ ምርመራው ሳያልቅ ስቲከሩን እንዳትልጡት። ስቲከር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ሲታይ ነው ታሪኩ የሚወጣው። አንዴ ከተላጠ ሁለቱን መልሶ ማገናኘት የለም።

ለሥራው አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነፅር፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያና የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይበቃሉ።

ችግር፦ የኮፈኖው ስቲከር አዲስ ይመስላል፣ የጎኑ ግን ደብዝዟል

የአሜሪካውን ስፖርት መኪና ፖንቲያክ ትራንስ አምን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የፈለገ ገዢ ኮፈኖው ላይ ክንፉን የዘረጋ ትልቅ ወፍ ያስለጥፍ ነበር። ኮፈኖ ደግሞ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የሞተር ሙቀት ይጠብሰዋል። ስለዚህ ቀድሞ መሰነጣጠቅ ያለበት ወፉ ነው። ወፉ ትናንት የተለጠፈ መስሎ ፓራፋንጎው ላይ ያለው ጽሑፍ ከገረጣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ኮፈኖው እንደገና መቀባቱ ወይም መቀየሩ ነው። ጥፍራችሁን ቀስ አድርጋችሁ በጠርዙ ላይ አሳልፉ። በ1970ዎቹ ትራንስ አም ላይ ፋብሪካው ስቲከሩን ከቀለሙ በላይ ነበር የሚለጥፈው፤ ክሊር (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ መከላከያ ቅብ) አይረጭበትም። ስለዚህ ጥፍር ጠርዙ ላይ ያዝ ማድረግ አለበት። ጥፍሩ ሳይነካው ካለፈና ወፉ መስታወት ሥር ያለ ከመሰለ፣ በኋላ ክሊር ተረጭቶበታል።

አሁን ባትሪውን በጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ከወፉ ክንፍ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ የሌላ ክንፍ ጥላ የሚመስል መስመር ይታያል? የድሮው ስቲከር ሸፍኖት የነበረው ቀለም ሳይደበዝዝ ቀርቶ ነው። ይሄ ደስ የሚል ግኝት ነው። ቀለሙ የድሮው እንደሆነና ወፉ ብቻ እንደተተካ ይነግራችኋል። ጥላውን ለኩ፣ ማስመሪያው አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።

ወፉ ኮፒ ሆነ ማለት መኪናው ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ያንን የሚነግራችሁ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የ1977 ትራንስ አም በ2ደብልዩ87 ይጀምራል፤ ትራንስ አም የተሠራበት ተራው ፋየርበርድ ደግሞ በ2ኤስ87። ፖርሼ ላይም እንደዚሁ ነው። የ1973ቱ ካሬራ አርኤስ 2.7 የተመረተው ወደ 1,580 ብቻ ነው፤ በጎኑ የሚሄደው የካሬራ ጽሑፍ ግን ስንት ተራ ፖርሼ 911 ላይ ተለጥፏል። ጽሑፉን ከማድነቃችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩ በ911360 መጀመሩን እዩ።

ችግር፦ ቀለሙ ሲጎላ ነጠብጣብ ይሆናል

በዓይን ብርቱካናማ የሆነው መስመር በመነፅር ሲታይ የቢጫና የቀይ ነጠብጣብ ድብልቅ ከሆነ ተጠራጠሩ። የዚያን ዘመን ስቲከር በአብዛኛው በሲልክ ስክሪን፣ ማለትም ቀለሙን በወንፊት መሰል ጨርቅ በማሳለፍ ነው የሚታተመው። እያንዳንዱ ቀለም ቀድሞ ተቀላቅሎ ለብቻው ይታተማል፤ ብርቱካናማው ሲጎላም ብርቱካናማ ነው። ፎቶ ያለባቸው የድሮ ኅትመቶች በእርግጥ ነጠብጣብ ይኖራቸዋል፤ ግን በሥርዓት የተሰለፈ ነው። የኮምፒውተር ፕሪንተር ነጠብጣብ እንደ አሸዋ የተበተነ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የፊደሉን ማዕዘን እዩ። ኮፒ ሠሪው ከስካን ላይ ተከትሎ ከሣለው ስል መሆን ያለበት ማዕዘን ይዶለዱማል፣ በፊደሎች መካከል ያለው ክፍተትም ይዛነፋል። የዚያው ዓመት ያልተነካ መኪና ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ።

ችግር፦ የሞተር ክፍሉ የወረቀት ስቲከር በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ ያበራል

መንስኤው ወረቀትን ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለተስፋፋ፣ የ1970ዎቹን ስቲከር በማብራቱ ብቻ ኮፒ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ከመኪናው ጋር የመጣ የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ ካለ እሱንም አብሩበት። መጽሐፉ ደብዛዛ ሆኖ ስቲከሩ እንደ ነጭ ሸሚዝ ካበራ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው።

ችግር፦ ጠርዙን ተከትሎ ጥቁር መስመር አለ

ስቲከሩ የተሠራበት ቪኒል (ፕላስቲክ) ሲያረጅ ይሰበሰባል፤ የተገለጠው ማጣበቂያ አቧራ ይይዛል። ዕድሜ እንዳለው ያሳያል እንጂ ኦሪጅናል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከ30 ዓመት በፊት የተለጠፈ ኮፒም እንዲሁ ይሆናል። በተቃራኒው፣ ፋብሪካው ያመረተው ግን ለዓመታት በመጋዘን የተቀመጠ ስቲከር ትናንት ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ኦሪጅናል ከሆነ፣ ቢሰነጠቅም ተዉት። እኔ የተሰነጠቀ ኦሪጅናልን ከሚያበራ ኮፒ ሁሌም አስበልጣለሁ። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። ሰም አትቀቡት፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀጭኖቹን በውሃ የሚለጠፉ ስቲከሮች ደግሞ በአልኮልና በሞተር ማጠቢያ ኬሚካል አትንኳቸው።

ኮፒ ከሆነና ማንሳት ከፈለጋችሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ ለብ እስኪል አሙቁትና ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ወደ ቀለሙ አስጠግታችሁ በዝግታ ሳቡት። የቀረውን ማጣበቂያ በቲነር ለማጽዳት እንዳትሞክሩ። የድሮ ላከር ቀለም በላከር ቲነር ይሟሟል፤ ስታሹት ቀለሙ ራሱ ከጨርቁ ጋር ይመጣል። ለስለስ ያለ የማጣበቂያ ማስለቀቂያ ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ግን በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

መኪናውን የምትሸጡ ከሆነ የትኛው ስቲከር እንደተተካ ለገዢው በጽሑፍ ንገሩት፤ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎችም አብራችሁ ስጡት።